ከደንገጎ እስከ አወዳይ በእሾህ ላይ፦ የአንድ ጎሚስታ «ገበር» የአምስት ወር አገልግሎት

በድሬዳዋ በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሳፋቸውን፣ ወስፌያቸውንና የእጅ መንፊያቸውን ዘርግተው የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጎሚስታ አሉ። የባጃጁንም፣ የጋሪውንም፣ የብስክሌቱንም ጎማ ይጠግናሉ፤ እኔ እዚህ የምገመግመው ግን ከሥራዎቻቸው አንዱን፣ እርሳቸው «ገበር» የሚሉትን ብቻ ነው። ገበሩ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በቢላ ሳስቶ፣ በውጭኛውና በውስጠኛው ጎማ መካከል የሚነጠፍ የላስቲክ ሽፋን ነው። ካለፈው ጥቅምት መጀመሪያ እስከ የካቲት ማብቂያ ድረስ በሁለቱም ጎማዎቼ ውስጥ አስገብቼ ተጠቅሜበታለሁ። ለምን እንዳስገባሁት ለመረዳት ግን አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው የአስፋልት መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። ይህን ዳገት በፔዳል የሚወጡ ወጣቶች አይቻለሁ፤ አደንቃቸዋለሁም። እኔ ግን ሃምሳን የተሻገርኩ መምህር ስለሆንኩ፣ ብስክሌቴን በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ደንገጎ ላይ እወርድና፣ ከዚያ በአዴሌ፣ በሐረማያና በባቴ አድርጌ እህቴ እስከምትኖርበት እስከ አወዳይ እነዳለሁ። በማግሥቱ በዚያው መንገድ እመለስና ደንገጎን ቁልቁል እወርዳለሁ። ይህን ጉዞ በየሁለት ሳምንቱ አደርገዋለሁ።

ይህ ደጋ የእርሻ አገር ነው። ማሽላው፣ በቆሎው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱና ጫቱ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ስለሚበቅል፣ ወደ ማሳው የሚገባውም ሆነ ከማሳው የሚወጣው ሁሉ መንገዱን ሳይነካ አያልፍም። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር አጥር የሚታደስበት ጊዜ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ከግራር የተመለመለ ቅርንጫፍ በገመድ ታስሮ፣ በአህያ ወይም በሰው ጉልበት አስፋልቱን እየጠረገ ይጎተታል፤ የተጎተተበትም መስመር በእሾህ ተዘርቶ ይቀራል። እርጥብ እሾህ ጎማ ሲጫነው ይታጠፋል ወይም ይላላል፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ግን እንደ ሚስማር ይጠነክራል። ስለዚህ ብስክሌተኛን የሚያስቸግረው ቅርንጫፉ የተጎተተበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው አንድና ሁለት ሳምንት ነው። የመኪና ጎማ ደግሞ የመንገዱን መሐል እየጠረገ ፍርፋሪውን ሁሉ ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ዳሩ ደግሞ እኛ የምንነዳበት ነው። መሐሉ ንጹሕ ስለሆነ ብዙ ሾፌሮች «ምን እሾህ አለ?» ይላሉ፤ ከተቀመጡበት ሆነው ሲያዩት እውነታቸውን ነው።

ቆላው ላይ፣ ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ሲኬድ፣ ሌላ ዓይነት እሾህ አለ። ፕሮሶፒስ የሚባለው ባዕድ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ አገራችን ገብቶ በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ ሜዳውን ከወረረ ወዲህ፣ ለአጥርም ለከሰልም ይቆረጣል፤ ጭፍጫፊውም በየጥርጊያ መንገዱ ይቀራል። በዚያ በኩል አልፎ አልፎ ብቻ ስለምነዳ፣ ገበሩ ከፕሮሶፒስ ጋር እንዴት እንደሆነ አፌን ሞልቼ ለመናገር አልችልም።

ወደ ጎሚስታው ከመሄዴ በፊት ሁለት ነገሮችን ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያው በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው። ከአንድ ሱቅ በ1,500 ብር ገዛሁት፤ ጠርሙሱ ላይ ቀን የተጻፈበት ቦታ ተፍቆ እንደነበር ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አሠራሩ ብልኃት ያለበት ነው፦ በነጭ የላስቲክ ወተት ውስጥ ደቃቅ ጭረቶች ስላሉ፣ ጎማው ሲበሳ የሚወጣው አየር ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይወስደዋል፣ ጭረቶቹ አፉን ይዘጋሉ፣ ወተቱም እዚያው ይረጋል። ለሁለት ወር ያህል በእርግጥ ሠርቶልኛል፤ ጎማዬ ላይ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣቦችን እያየሁ ስንት እሾህ ሳይታወቀኝ እንዳለፈ እቆጥር ነበር። ችግሩ ይህ ወተት ከጊዜ ብዛት መድረቁ፣ ሙቀት ሲኖር ደግሞ ፈጥኖ መድረቁ ነው። የእኔ ብስክሌት የሚያድረውም የሚውለውም በቆርቆሮ በረንዳ ሥር በመሆኑ፣ በሦስተኛው ወር ጎማው ሲከፈት በውስጡ የተገኘው እንደ ወተት አናት ስስ ቆዳና ጥቂት ጓል ብቻ ነበር። ከዚያም የባሰው፣ ፈሳሹ የነካው የውስጥ ጎማ ማስቲሽ አልይዝ አለ። ሰው የሌለበት ገጠር ላይ ከቀዳዳ ይልቅ የማይጠገን ቀዳዳ ያስፈራል።

በነገራችን ላይ፣ በእንግሊዝ አገር የገጠር መንገድ ብስክሌተኞች የሚያማርሩት ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ገበሬዎቹ በማሳቸው ዳር ያለውን ሕያው የእሾህ አጥር በትራክተር ላይ በተገጠመ መቁረጫ ሲከረክሙ፣ ቁርጥራጩ እርጥብ መንገድ ላይ ይበተናል። ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 ድረስ፣ የእርሻ አጥር መከርከም የተገደበ ስለሆነ፣ የእሾሁ ወቅት ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ቀዝቃዛ ወራታቸው ላይ ይውላል። የዚያ አጥር እሾህ ግን አጭር ነው፤ የአገር ምድሩም አየር ቀዝቃዛ ነው። የእኛ ነጭ የግራር እሾህ አንዳንዱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የድሬዳዋን ፀሐይ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቀዝቃዛ አገር የሚመሰገን ዕቃ እዚህ ሲመጣ ለምን እንደሚከዳ ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ሙከራዬ ወፍራሙ የውስጥ ጎማ ነው። ተራው የውስጥ ጎማ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ሲኖረው፣ ይህኛው መሬት በሚነካው በኩል እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መጥፎ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ከባድ ነው፤ በልኬ ለማግኘትም ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ የኋላውን ብቻ አግኝቼ የፊቱ ሳይገኝ ቀረ። እሾህ ደግሞ የፊትና የኋላ አይመርጥም።

ጎሚስታውን ያሳየኝ የሠፈሬ ባጃጅ ነጂ ነው። በድሬዳዋ ወግ እርሳቸውም እኔን፣ እኔም እርሳቸውን «አንተ» እንባባላለን፤ በጽሑፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ «አንቱ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የደረቀውን ፈሳሽ ከጎማዬ ውስጥ እየፋቁ፣ «አቦ፣ ይሄን ያጠጣህ ማነው? ጎማ ወተት ይጠጣል እንዴ?» ሲሉኝ፣ ስለ ዋጋው መናገር አሳፍሮኝ ዝም አልኩ።

ሥራቸው ለማየት ደስ ይላል። በመጀመሪያ የውጭውን ጎማ ገልብጠው፣ በእጃቸው የያዙትን የጥጥ ቁራጭ በውስጡ ዙሪያውን አሽከረከሩት፤ ጥጡ የያዘበት ቦታ ሁሉ የተቀበረ የእሾህ ጫፍ አለ ማለት ነው። ከኋላው ጎማ ብቻ አራት ጫፍ በወስፌ ነቅሰው አወጡና በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደረደሩልኝ፤ ከአራቱ አንዱ ገና የውስጡን ጎማ አልነካም ነበር፤ በየቀኑ በጥቂቱ እየገባ ነበረ። ጎማ ተጠግኖ በማግሥቱ እንደገና የሚተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀዳዳው ይደፈናል፣ የበሳው ግን እዚያው ይቀራል። ከዚያ በፊት ያሠራሁባቸው ሁለት ቦታዎች ይህን ፍተሻ አላደረጉልኝም።

ቀጥለው ከአንድ አሮጌ ጎማ ላይ የጠርዙን ሽቦ በሁለቱም በኩል ቆርጠው ጣሉ፤ የቀረውን ወገብ በጫማ ሰሪ ቢላ እየላጡ ዳርና ዳሩን እንደ ወረቀት አሳሱት። ዋናው ሙያ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጠርዙ ወፍራም ሆኖ ከቀረ የውስጡን ጎማ ራሱ ገበሩ ይቆርጠዋል። ሁለቱ ጫፎች የሚደራረቡበትንም ቦታ በሰያፍ ላጡት፤ ከዚያም ዱቄት ነስንሰው፣ ገበሩን በውጭው ጎማ ውስጥ አንጥፈው፣ የውስጡን ጎማ በጥቂቱ ነፍተው አስገቡት። የተበሳውን ሲጠግኑም ያው ጥንቃቄ አላቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክራሉ፣ ማስቲሹን በስሱ ይቀባሉ፣ ከዚያም እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ሌላ ሥራ እየሠሩ ይጠብቃሉ። ችኩል ደንበኛ በዚህ ሰዓት ይነጫነጫል፤ እርሳቸው አይሰሙትም። ሁለቱን ጎማ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው፤ 400 ብር ከፈልኩ።

ውጤቱን እነሆ። ባለፈው ዓመት በእነዚሁ አምስት ወራት፣ በዚሁ መንገድ፣ ጎማዬ 11 ጊዜ ተበስቷል፤ ደብተር ላይ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ ቁጥሩ ግምት አይደለም። ዘንድሮ በገበሩ 3 ጊዜ ተበሳ። ገበሩ ላይ ከውጭ ጎማው ጋር ተደምሮ ብዙውን እሾህ የሚሰብር ውፍረት አለ፤ የኩርንችት ዓይነት አጭር እሾህ ጨርሶ አያልፈውም። የሚያልፈው ከግንዱ ቅርፊት ጋር ተያይዞ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም የግራር እሾህ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ እንዲህ ያለ ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከአዴሌ ወደ ሐረማያ ስነዳ፣ አንድ ገበሬ ከሁለት ልጆቹ ጋር የግራር ቅርንጫፍ ክምር እየጎተተ መንገዱን ሲሻገር ደረስኩ። ፍሬን ይዤ ወረድኩ፤ ብስክሌቴን ግን ማንሣት ሲገባኝ ገፋሁት፤ አሥር እርምጃ ሳልሄድ የፊቱ ጎማ ሲያፏጭ ሰማሁ። ገበሬው ገመዱን ለልጁ ሰጥቶ መጣና ጎማውን በመዳፉ እየዳበሰ እሾሁን አገኘው፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ካየው በኋላ በኦሮምኛ፣ «አጥሩ ለጅብ ነበር፤ ላንተ አልነበረም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያ አገር ከብትና ፍየል የሚያሳድር ሰው ያለ እሾህ አጥር ሊያድር አይችልም፤ መንገዱ ላይ የሚቀረውም በክፋት የተጣለ አይደለም። ልጆቹ የወደቀውን በእግራቸው ወደ ቦይ ገፉልኝ። የተወሰኑ ገበሬዎች የመጨረሻውን ቅርንጫፍ በቅጠሉ በኩል መሬት አስነክተው እንደ መጥረጊያ እንደሚጎትቱት ያየሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው፤ ያ ቅርንጫፍ ከፊቱ የወደቀውን ሰብስቦ ይሄዳል። ለእኛ ከገበርም ከፈሳሽም የሚበልጥ ውለታ ነው።

ሁለተኛው ብሳት ከባቴ አለፍ ብሎ የደረሰብኝ ሲሆን ሚስማር ነበር፤ ስለ ሚስማር ገበሩን አልወቅሰውም። ሦስተኛው ግን የገበሩ የራሱ ጥፋት ነው። በጥር ወር የኋላው ጎማ ምንም እሾህ ሳይኖርበት ቀስ እያለ ይተነፍስ ጀመር፤ ሲከፈት የውስጡ ጎማ በገበሩ መደራረቢያ ላይ ተፈግፍጎ እንደ ጥፍር ጭረት ሳስቷል። ጎሚስታው ጥፋቱን አልካዱም፤ መደራረቢያውን እንደገና ልጠው፣ በላዩም የቀጭን ላስቲክ ቁራጭ ለጥፈው ያለ ክፍያ መለሱልኝ። ይሁን እንጂ የችግሩ ሥር ሌላም ይመስለኛል፤ እርሳቸው የጎማን አየር የሚመዝኑት በአውራ ጣታቸው ነው። የብዙ ዓመት ጣት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ቤት ወስጄ በመለኪያ ስመዝነው ከሚገባው በታች ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አየሩ ሲያንስ ገበሩ በውስጥ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይፈገፍጋል። ከዚያ ወዲህ እርሳቸው ዘንድ ካሠራሁ በኋላ ራሴ እጨምርበታለሁ፤ ችግሩም አልተደገመም። በዚህ ላይ ክብደት አለ። እህቴ ድንች በምትመዝንበት ሚዛን ሁለቱን ገበሮች አስቀምጬ ስለካቸው 700 ግራም ሆኑ፤ ሜዳ ላይ አይታወቅም፣ ከሐረማያ ወደ ደንገጎ በምመለስባቸው ትንንሽ ዳገቶች ላይ ግን ጉልበቴ ይቆጥረዋል።

ገበሩ የማይከላከለውን አደጋም መግለጽ አለብኝ፤ ምክንያቱም ጎማዬ አይበሳም ብሎ የተማመነ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ያነሣል። እኔም አንሥቼ ነበር። በኅዳር ማሽላው ከታጨደ በኋላ አገዳው በግመልና በአህያ ሲጓጓዝ ዘለላው እየሾለከ ይወድቃል፤ ደረቅ አገዳ ከጎማ ሥር እንደ በትር ይንከባለላል፣ ቁራጩም ካቴና ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን ይቆልፈዋል። አስፋልት ላይ የተሰጣ እህልና ገለባ ካለ ደግሞ ፍሬን መያዝ አይገባም፤ ቀጥ ብሎ ሳይታጠፉ ማለፍ ነው። አወዳይ መግቢያ ላይ የሚጠብቀው ገረባው ነው፤ ከጫቱ ተለቅሞ የሚጣለው ቅጠልና እንጨት በጠዋት ውኃ እንደተረጨበት አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል፣ ፍየሎቹም ከመሐሉ አይጠፉም። እርጥብ ገረባ ላይ የታጠፈ ብስክሌት እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ የግራ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። የቅንጭብ አጥር ሲመለመል ደግሞ ጎማ አይበሳም፤ ነገር ግን ቅርንጫፉ ሲደቆስ የሚረጨው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የጎማ ፍንጣሪ ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል። መነጽር አድርጎ መንዳት፣ እጅንም ሳይታጠቡ ዓይንን አለመንካት ያሻል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ያለው ነው። የጭነት መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ከኋላው ለማስጠንቀቂያ ቅርንጫፍና ድንጋይ ይደረድራል፤ ልማዱ መልካም ነው፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩም ቅርንጫፉም በኩርባው ላይ ይቀራሉ። ጫት የጫነው መኪና ከኋላ እየገሰገሰ፣ ከፊት በኩርባው ጥላ ውስጥ የራስ ቅል የሚያክል ድንጋይ ሲገጥም፣ ጎማው ገበር ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም። ስለዚህ ቁልቁለቱን የምወርደው ፀሐይ ከፊቴ በማትሆንበት ሰዓት፣ ሁለቱንም ፍሬን በጣቴ ይዤ ነው፤ ድንጋይ ሳገኝም ወርጄ ወደ ዳር አደርገዋለሁ።

እንግዲህ በየሳምንቱ ከከተማ የማይወጣ፣ ከከዚራ ሳቢያን ብቻ የሚመላለስ ብስክሌተኛ ገበር አያስፈልገውም፤ ክብደቱን ለምን ይሸከማል? ወደ ደጋው ለሚወጣ፣ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ግን ከጠርሙሱ ፈሳሽ በፊት ይህን እንዲሞክር እመክራለሁ፤ በፈሳሹ ዋጋ ከሦስት ጊዜ በላይ ይሠራል፤ የትም ጎሚስታ ቢከፍተው ጎማው ማስቲሽ አይጠላም። ሽፋኑ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ገና እያየሁ ነው፤ በአምስተኛው ወር ሲከፈት የፊቱ ደኅና ነበር፣ የኋላው መሐል ለመሐል በእሾህ ተጠቃቅሶ ነበርና ወደ ክረምቱ ሳልደርስ የምቀይረው ይመስለኛል።

ጎሚስታው ሥራ የሚጀምሩት በጠዋት ነው፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊትና በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ዕቃቸውን ሰብስበው ስለሚሄዱ በዚያ ሰዓት መሄድ ድካም ነው። አሮጌ ጎማ ይዞ ለሚመጣ 150 ብር ይቀንሳሉ፤ ሆኖም ክሩ የተበላ ወይም የጠርዝ ሽቦው ያፈጠጠ ከሆነ አይቀበሉም። የእኔን የመጀመሪያውን በሁለት ጣታቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ አዩትና፣ «ይሄ ለበረባሶም አይሆን» ብለው መለሱልኝ።